ያውቁ ኖሯል? ሁሉን አሸንፎ ከዋንጫ ደጅ የሚመለስ ቡድን አለ!

አንድ ቡድን ያጋጠመውን ሁሉ ይረታል። አንድም ሽንፈት የለበትም። ከዚያ 13 ሰዎች ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው «ለዋንጫው አትበቃም» ብለው ይመልሱታል! ተረት አይደለም፤ የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ነው። እኛ እግር ኳስ የምንለው አይምሰልዎ፤ ያኛው ነው፣ ሞላላው ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልን፤ እንጀምር!

ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በቅርጫት ኳስ፣ በዋና፣ በሰይፍ ፍልሚያ፣ በጠመንጃ ተኩስ ሳይቀር ብሔራዊ ሻምፒዮን ይሸልማል። በትልቁ የፉትቦል ምድብ ግን ዋንጫ ሰጥቶ አያውቅም! አንድም ጊዜ!

ትንንሾቹ ኮሌጆችስ? እነሱማ ከ1973 ጀምሮ በሥርዓት ጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ! አሸናፊው በሜዳ ይለያል፣ ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል፣ አለቀ። በክርክር ሲዳኙ የኖሩት መቶ ሺህ ሰው የሚታደምላቸው ግዙፎቹ ናቸው!

መቶ ሺህ ስንል ማጋነን እንዳይመስልዎ! ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዙ 8 የኮሌጅ ስታዲየሞች አሉ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ብቻውን 107,601 ሰው ያስቀምጣል!

በ2025 በትልቁ ምድብ 136 ቡድኖች ነበሩ። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚጫወተው ግን 12 ጨዋታ ብቻ ነው! አብዛኞቹ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ዓመቱ ያልቃል። ታዲያ ማን ከማን ይበልጣል? ጠቡ ከዚህ ይነሣል!

ጠቡ ደግሞ ከስፖርቱ እኩል ያረጀ ነው። የ1869 የውድድር ዘመን በጠቅላላው 2 ጨዋታ ነበረው፤ ተሳታፊዎቹም 2 ብቻ! የመጀመሪያውን ራትገርስ 6 ለ 4፣ ሁለተኛውን ፕሪንስተን 8 ለ 0 አሸነፈ። አንድ ለአንድ! ፕሪንስተን ግን ዛሬም የዚያን ዓመት ሻምፒዮንነት ከዋንጫዎቹ ጋር ይቆጥረዋል።

ፕሪንስተን የኔ የሚላቸው ብሔራዊ ሻምፒዮንነቶች 28 ናቸው። ኃያሉ አላባማ የሚቆጥረው 18 ነው! የጥንቱን ዘመን ሻምፒዮኖች ወደ ኋላ ሄደው ከሰየሙት ሰዎች አንዱ ፓርክ ዴቪስ ይባላሉ። እሳቸውስ በወጣትነታቸው የት ነበር የተጫወቱት? ፕሪንስተን!

በ1920ዎቹ ፍራንክ ዲኪንሰን የተባሉ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ቡድኖችን በሒሳብ ቀመር መደርደር ጀመሩ። የኖተር ዴሙ ስመ ጥር አሰልጣኝ ክኑት ሮክኒ ስሌቱ ወደ ኋላ ተመልሶ 1924ን እንዲጨምር ጠየቁ። ተደረገላቸው! የ1924 ሻምፒዮን ማን ሆኖ ተገኘ? ኖተር ዴም!

በነጥብ ብዛት ማስደመም ድሮም ነበር። በ1916 ጆርጂያ ቴክ ከምበርላንድ የተባለውን ትንሽ ኮሌጅ 222 ለ 0 አሸነፈ! አላሳሳትንዎትም፤ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት! የአሸናፊው አሰልጣኝ ጆን ሃይስማን ነበሩ፤ ዛሬ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው ሐውልት በስማቸው ይጠራል።

ከውድድር ዘመኑ በኋላ የሚደረጉት ዝነኛ ጨዋታዎች «ቦውል» ይባላሉ። የመጀመሪያው በ1902 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተደረገ። ሚሺጋን 49 ለ 0 ሲመራ ስታንፎርድ 8 ደቂቃ እየቀረው «ይብቃን» አለ! አዘጋጆቹም ፉትቦሉን ትተው በሠረገላ እሽቅድድም ተኩት። ኳሱ የተመለሰው በ1916 ነው!

እንግዲህ ሻምፒዮኑን ማን ይሰይም ነበር? ጋዜጠኞች! አሶሼትድ ፕሬስ ከ1936 ጀምሮ በየሳምንቱ የስፖርት ጸሐፊዎችን ድምፅ እየሰበሰበ ደረጃ አወጣ። የመጀመሪያው ዘውድ ለሚኒሶታ ሆነ። ሜዳ ላይ የፍጻሜ ጨዋታ የለም፤ ድምፅ ተቆጠረ፣ ሻምፒዮን ተገኘ!

ከ1950 ጀምሮ አሰልጣኞችም የራሳቸውን ድምፅ ይሰጡ ጀመር። አሰልጣኙ የራሱን ቡድን ከፍ አድርጎ ቢያስቀምጥ የሚከለክለው የለም! ተጫዋችም ዳኛም መሆን ይሏል ይሄ ነው።

ስቲቭ ስፐሪየር የተባሉት አሰልጣኝ የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት በሚሰጡት ድምፅ ዱክን 25ኛ አድርገው የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። ዱክ በቅርጫት ኳስ እንጂ በፉትቦል ስም የለውም! ምክንያቱስ? ቀድሞ ያሠለጥኑት የነበረ ቡድን ነዋ! ውለታ እንዲህ ይከፈላል።

ይበልጥ የሚገርመው ይኸውልዎ! ለብዙ ዓመታት ሻምፒዮኑ የሚሰየመው ከቦውል ጨዋታዎች በፊት ነበር። አላባማ በ1964 በጋዜጠኞች፣ በ1973 ደግሞ በአሰልጣኞች ድምፅ ዘውድ ከደፋ በኋላ ሁለቱንም ጊዜ የቦውል ጨዋታውን ተሸነፈ። ዘውዱን የነካበት የለም!

ኖተር ዴም ደግሞ ከ1925 በኋላ 45 ዓመት ሙሉ ቦውል የሚባል ነገር አልጫወትም ብሎ ተቀመጠ! በእነዚያ ዓመታት ያገኛቸውን ሻምፒዮንነቶች ሁሉ የሰበሰበው ከመደበኛው የውድድር ዘመን በኋላ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ነው።

1966! አንደኛውና ሁለተኛው፣ ኖተር ዴምና ሚሺጋን ስቴት፣ ተገናኙ። አገር ምድሩ ቆሞ ሲያይ 10 ለ 10 ተለያዩ! ኖተር ዴም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ለማሸነፍ ከመድፈር ይልቅ ሰዓቱን ገደለ። ሻምፒዮኑስ? ኖተር ዴም! አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈውና አቻ ያልወጣው አላባማ 3ኛ ሆነ። የአላባማ ሰው ፊት ይህን ዓመት ባያነሱ ይሻልዎታል!

ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በ1969 ቴክሳስና አርካንሳስ ሲጫወቱ ስታዲየም ተገኝተው ነበር። ቴክሳስ 15 ለ 14 አሸነፈ፤ ኒክሰን መልበሻ ክፍል ገብተው የአንደኝነት ሰሌዳ ሰጡት! ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ግን ፔን ስቴት የሚባል አንድም ሽንፈት የሌለበት ቡድን ነበር። ሰሌዳ የሰጠው የለም!

የፔን ስቴቱ አሰልጣኝ ጆ ፓተርኖ ቂማቸውን 4 ዓመት ይዘው ቆዩ። በ1973 በምርቃት በዓል ላይ ንግግር ሲያደርጉ፣ ስለ ዋተርጌቱ የፖለቲካ ቅሌት ይህን ያህል ጥቂት የሚያውቅ ፕሬዚዳንት ስለ ፉትቦል ያን ሁሉ እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ጠየቁ። እንዴት ያለ መልስ ነው!

እኚሁ አሰልጣኝ በ1968፣ በ1969፣ በ1973 እና በ1994 ቡድናቸውን ያለ አንዲት ሽንፈት መሩ። በአራቱም ዓመት ሻምፒዮን ሌላ ሆነ! አራት ጊዜ!

በ1984 ዘውዱ የት እንደወደቀ ይገምቱ! ዩታ ውስጥ ባለው የሞርሞኖች ዩኒቨርሲቲ፣ በብሪገም ያንግ! ቡድኑ 13 ጨዋታ 13 አሸነፈ። በመጨረሻ በቦውል የረታው ሚሺጋን ግን ያን ዓመት 6 አሸንፎ 6 የተሸነፈ ቡድን ነበር። «ማንን አሸነፉና!» የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ አልበረደም።

በፉትቦል 10 ያርድ ለመግፋት የሚሰጠው 4 ሙከራ ነው። በ1990 ኮሎራዶ ከሚዙሪ ሲጫወት ዳኞቹ ቆጠራ ተሳሳቱና 5ኛ ሙከራ ሰጡት! በዚያች በ5ኛዋ ገብቶ 33 ለ 31 አሸነፈ። ያን ዓመት የጋዜጠኞቹ ሻምፒዮን ማን ሆነ መሰልዎ? ኮሎራዶ!

አሰልጣኞቹ ግን በዚያው ዓመት ጆርጂያ ቴክን መረጡ። በስንት ነጥብ ልዩነት? በ1! 847 ለ 846!

በ1997ም ተደገመ። ጋዜጠኞቹ ሚሺጋንን፣ አሰልጣኞቹ ነብራስካን መረጡ። ሁለቱም አልተሸነፉም፣ ሁለቱም አልተገናኙም፣ ሁለቱም ዋንጫ አላቸው!

ሰው ታከተውና ኮምፒውተር ተጠራ። ከ1998 እስከ 2013 ቢ.ሲ.ኤስ. የሚባል ሥርዓት የሰዎችን ድምፅና የኮምፒውተሮችን ስሌት አደባልቆ 2 ቡድኖችን ብቻ ለፍጻሜ ይመርጥ ነበር። ሰላም የሚወርድ መስሏቸው!

በ2000 ዋሽንግተን ማያሚን አሸነፈ። ማያሚ ፍሎሪዳ ስቴትን አሸነፈ። ሦስቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፉት። ኮምፒውተሩ ለፍጻሜ ማንን መረጠ? ፍሎሪዳ ስቴትን!

በ2001 ነብራስካ በመጨረሻው ጨዋታው በኮሎራዶ 62 ለ 36 ተደቆሰ። የራሱን ምድብ እንኳ አላሸነፈም። ለብሔራዊ ፍጻሜ ግን አለፈ! እዚያም ማያሚ 37 ለ 14 ሸኘው።

2003ን ልብ ይበሉ! ጋዜጠኞቹም አሰልጣኞቹም ሳውዘርን ካሊፎርኒያን አንደኛ አሉት። ኮምፒውተሮቹ ተጨመሩና 3ኛ ሆነ! በሚጫወትበት ሊግ ፍጻሜ በካንሳስ ስቴት 35 ለ 7 የተረታው ኦክላሆማ ግን ለዋንጫ አለፈ።

ገና አላለቀም! አሰልጣኞቹ የዚያን ፍጻሜ አሸናፊ አንደኛ አድርገው እንዲመርጡ ውል ነበረባቸው። አሸናፊው ሉዊዚያና ስቴት ሆነ። 3 አሰልጣኞች ግን ውሉን ጥሰው ለሳውዘርን ካሊፎርኒያ ድምፅ ሰጡ! ጋዜጠኞቹም እንደዚያው። እንደገና ሁለት ሻምፒዮን!

በ2004 ቦውል ሳይጀመር አንድም ሽንፈት የሌለባቸው 5 ቡድኖች ነበሩ! ለፍጻሜ 2 ብቻ ናቸው የሚያልፉት። ኦበርን በአገሪቱ ጠንካራ ነው የሚባለውን ሊግ አሸንፎ፣ 13 ተጫውቶ 13 አሸንፎ፣ ፍጻሜውን በቴሌቪዥን አየ።

የዚያን ፍጻሜ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ 55 ለ 19 አሸነፈ። በኋላ ግን አንድ ተጫዋቹ የተከለከለ ጥቅም እንደተቀበለ ታወቀና ቢ.ሲ.ኤስ. በ2011 ዋንጫውን ሰረዘበት። ለሁለተኛው ተሰጠ? አልተሰጠም! ለኦበርንስ? እሱም የለም! ቦታው ባዶ ሆኖ ቀረ።

ኦበርን ምን አደረገ? በ2025 የ2004 ሻምፒዮን እኔ ነኝ ብሎ ራሱ አወጀ! 21 ዓመት ዘግይቶ! እግረ መንገዱንም ሌሎች አሮጌ ዓመታትን ጨምሮ ዋንጫዎቹን 9 አደረሳቸው።

በዚህ ኦበርን ብቻውን አይደለም። ጎረቤቱ አላባማ የ1941ን ሻምፒዮንነት ይቆጥራል። ያን ዓመት 2 ጨዋታ ተሸንፎ በጋዜጠኞቹ ዝርዝር 20ኛ ነበር! 20ኛ ሆኖ ሻምፒዮን!

ኦክላሆማ ስቴት ደግሞ የ1945 ዋንጫውን የተቀበለው በ2016 ነው! የአሰልጣኞች ማኅበር መዝገብ አገላብጦ ከ71 ዓመት በኋላ ሰጠው። ከተጫዋቾቹ ስንቶቹ ይህን ለማየት በሕይወት እንደቆዩ ያስቡት!

በ2007 የመጀመሪያ ቀን፣ ቦይዚ ስቴት የተባለ ትንሽ ቡድን ኃያሉን ኦክላሆማን በተጨማሪ ሰዓት 43 ለ 42 አሸነፈ። የመጨረሻዎቹን ነጥቦች ያስቆጠረው ኢያን ጆንሰን ወዲያው በቀጥታ ሥርጭት ተንበርክኮ ፍቅረኛውን «አግቢኝ» አላት! እሺ አለችው። ቡድኑ ግን ያለ ሽንፈት ጨርሶ 5ኛ ሆነ።

በዚያው በ2007 መጨረሻ ሉዊዚያና ስቴት ሁለት ጊዜ ተሸንፎ 7ኛ ላይ ነበር። አንደኛውና ሁለተኛው በአንድ ምሽት ወደቁ! በማግሥቱ ሉዊዚያና ስቴት 2ኛ ሆኖ ተነሣ፤ ከዚያ ዋንጫውን በላ።

በ2008 ቴክሳስ ኦክላሆማን፣ ቴክሳስ ቴክ ቴክሳስን፣ ኦክላሆማ ቴክሳስ ቴክን አሸነፉ! እባክዎ እርስዎ ይፍረዱ! የሦስቱ ሊግ ደንብ ለመለየት ወደ ብሔራዊው ደረጃ ላከው፤ ለሊጉ ፍጻሜ ያለፈው በቴክሳስ 45 ለ 35 የተሸነፈው ኦክላሆማ ሆነ። የቴክሳስ ሰዎች እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ዛሬም እንደ ስልክ ቁጥራቸው ያስታውሷቸዋል።

አንዲት ሰከንድ ምን ታደርጋለች? በ2009 ነብራስካ ቴክሳስን 12 ለ 10 አሸንፎ ሰዓቱ አለቀ፤ ሰው ሜዳ ገባ። ዳኞቹ ቪዲዮ አይተው 1 ሰከንድ መለሱ! በዚያች ሰከንድ ቴክሳስ ኳሱን በእግር ለግቶ 13 ለ 12 አሸነፈ፣ ለፍጻሜም አለፈ። ሽንፈት የሌለባቸው ሲንሲናቲና ቲ.ሲ.ዩ. ከውጭ ቀሩ።

ኮምፒውተርስ አይሳሳትም ይሉ ይሆናል! በ2010 ከስሌቶቹ አንዱ አንድ የትንንሽ ኮሌጆች ጨዋታ ውጤት ተዘሎበት ተገኘ። በዚያች ስሕተት ብቻ 10ኛና 11ኛ መሆን የነበረባቸው ቦይዚ ስቴትና ሉዊዚያና ስቴት ቦታ ተለዋውጠው ወጥተው ነበር! ስሕተቱ የታወቀው ቀመሩ ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ነው። ከ6ቱ ቀመሮች ሙሉ በሙሉ ክፍት የነበረው ይኸው አንዱ ብቻ ነው! የሌሎቹን ማን ያውቃል?

በ2011 ሉዊዚያና ስቴት አላባማን በገዛ ሜዳው 9 ለ 6 አሸነፈ። ለፍጻሜ ማን ከማን ደረሰ? ሉዊዚያና ስቴት ከአላባማ! በሁለተኛው አላባማ 21 ለ 0 አሸነፈና ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ለአንድ አይደሉም እንዴ? ኦክላሆማ ስቴት በነጥብ ፍርፋሪ ተበልጦ እቤቱ ቀረ።

ነገሩ እስከ ኮንግረስ ደርሷል! የቴክሳሱ እንደራሴ ጆ ባርተን በጥሎ ማለፍ ያልተገኘን ጨዋታ «ብሔራዊ ሻምፒዮና» ብሎ መጥራት እንዲከለከል ሕግ አረቀቁ። ሥርዓቱንም ከኮሙኒዝም ጋር አመሳሰሉት፤ አይጠገንም ለማለት! ረቂቁ በ2009 አንድ ንዑስ ኮሚቴ አለፈ፤ ሕግ ግን ሳይሆን ቀረ።

ባራክ ኦባማም በ2008 በተመረጡ ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው 8 ቡድኖች ጥሎ ማለፍ ይጫወቱ ብለዋል! ኢኮኖሚው እየፈረሰ፣ ሁለት ጦርነት እየተካሄደ፣ ይህም ተጠየቀ።

በ2014 ፕሌይኦፍ የሚሉት ጥሎ ማለፍ መጣ። 4 ቡድን! መራጮቹ ዳላስ አጠገብ ግሬፕቫይን ከተማ ባለ ትልቅ ሆቴል የሚሰበሰቡ 13 ሰዎች ናቸው። ዳላስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለጠቡ እንዲህ ቅርብ ናቸው! የኮሚቴው አባል የሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ስም ሲነሣ አባሉ ተነሥቶ ከክፍሉ ይወጣል።

ከመጀመሪያዎቹ መራጮች አንዷ ማን ነበሩ? የቀድሞዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮንዶሊዛ ራይስ! ፉትቦል ተጫውታ የማታውቅ ምን ታውቃለች ያሉ ነበሩ። የሴትዮዋ አባት የፉትቦል አሰልጣኝ እንደነበሩ ያላወቁ!

በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ቲ.ሲ.ዩ. 3ኛ ሆኖ ወደ መጨረሻው ሳምንት ገባ። 55 ለ 3 አሸነፈ። ደረጃው ምን ሆነ? 6ኛ! 52 ነጥብ በልጦ 3 ደረጃ ወረደ!

የሱ ሊግ ዓመቱን ሙሉ «አንድ እውነተኛ ሻምፒዮን» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ቤይለርንና ቲ.ሲ.ዩ.ን በጋራ ሻምፒዮን ብሎ ሸለመ! ሁለቱም አላለፉም።

የሊጎቹን ስም ካነሣን አይቀር! ያኔ «ታላቁ 12» የሚባለው ሊግ 10 ቡድን፣ «ታላቁ 10» የሚባለው 14 ቡድን ነበረው። ዛሬ የመጀመሪያው 16፣ ሁለተኛው 18 አላቸው! የአትላንቲክ ዳርቻ ሊግ ውስጥ ደግሞ ስታንፎርድ አለ፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ካሊፎርኒያ ያለው ስታንፎርድ!

የቲ.ሲ.ዩ.ን ቦታ የወሰደው ኦሃዮ ስቴት ነበር። ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ አንደኛው ኳርተርባክ፣ ተጎድቷል፤ ሁለተኛውም ተጎድቷል። ሦስተኛው ካርዴል ጆንስ ገባና የሊጉን ፍጻሜ 59 ለ 0 አሸነፈ! በሕይወቱ ሦስተኛ በሆነው የመነሻ ጨዋታው ብሔራዊ ዋንጫ አነሣ። ይህን ታሪክ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

በ2017 ሴንትራል ፍሎሪዳ 13 ተጫውቶ 13 አሸነፈ። በመጨረሻ የረታው ኦበርን ያን ዓመት ለፍጻሜ የደረሱትን አላባማንና ጆርጂያን ሁለቱንም ያሸነፈ ነበር! ኮሚቴው አልጠራውም። እሱም ራሱን ሻምፒዮን ብሎ ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ሰልፍ ወጣ! ከቀመሮች አንዱ አንደኛ ስላለው የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. መዝገብ ውስጥም ስሙ ሰፍሯል።

እንዲህ ያሉት ከትልልቆቹ ሊጎች ውጭ ያሉ ቡድኖች ከ4ቱ ውስጥ ለመግባት እስከ 2021 ጠበቁ። የገባው ሲንሲናቲ ነው። በ4 ቡድን ዘመን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ሆነ!

አሁን 2023! ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13 አሸነፈ። ኳርተርባኩ ጆርዳን ትራቪስ ኖቬምበር ውስጥ እግሩ ተሰበረ። ቡድኑ ግን ማሸነፉን ቀጠለ፤ የሊጉን ፍጻሜም በሦስተኛ ኳርተርባክ 16 ለ 6 ወሰደ። ኮሚቴው ዲሴምበር 3 ቀን 5ኛ አድርጎ አስቀረው! አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ ገባ። በሦስተኛ ኳርተርባክ ገብቶ ዋንጫ የበላውን ኦሃዮ ስቴትን ያስታውሳሉ? ኮሚቴው ግን ረሳው! በዚህ ዓምድ አስተያየት ከዚህ የከፋ በደል አልተፈጸመም።

ትራቪስ ምን ቢል ጥሩ ነው? እግሬ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ ብሎ ተመኘ! ያለ እሱ ማሸነፍ እንደሚችሉ ለማሳየት ብዙ ጨዋታ ይኖራቸው ነበር።

የፍሎሪዳ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ኮሚቴውን ሰነድ አምጡ ብለው ጠየቁ! አገረ ገዢው ሮን ዴሳንቲስ ለክስ የሚሆን 1 ሚሊዮን ዶላር በበጀት ረቂቃቸው ያዙ! ለኳስ!

ብዙ ተጫዋቾቹ ተቀይመው ቀሩና ፍሎሪዳ ስቴት በቦውሉ በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸነፈ። ኮሚቴው ልክ ነበር የሚሉ ይህን ይጠቅሳሉ፤ አልነበረም የሚሉም ይህንኑ ይጠቅሳሉ!

ከፕሌይኦፉ የቀሩ ቡድኖች ምን ይደርሳቸዋል? አንዱ ቦውል ላይ ያሸነፈው አሰልጣኝ ራስ ላይ ባልዲ ሙሉ ማዮኔዝ ይደፋል! በሌላው ቦውል የብስኩት ልብስ የለበሰው አሻንጉሊት ቶስተር ውስጥ ይገባና «ተጠብሶ» ሲወጣ አሸናፊዎቹ ይበሉታል! ቀልድ እንዳይመስልዎ።

ከ2024 ጀምሮ ቁጥሩ 12 ሆነ። ጠቡ አበቃ? ወደ 12ኛውና 13ኛው ተዛወረ እንጂ! ቀድሞ 5ኛ የወጣው ያለቅስ ነበር፤ አሁን ሦስት ጊዜ የተሸነፈው ሁሉ ተበደልኩ ይላል።

በ2024 የተበደለው አላባማ ነበር። ከሽንፈቶቹ አንዱ በቫንደርቢልት ነው፤ ለ40 ዓመት አሸንፎት በማያውቀው! የናሽቪል ተማሪዎች የግቡን ምሰሶ ነቅለው፣ በከተማው ጎዳና ተሸክመው፣ ከምበርላንድ ወንዝ ውስጥ ጨመሩት!

በዚያ ዓመት ያለ መጀመሪያ ዙር በቀጥታ ያለፉት 4 ቡድኖች አራቱም በመጀመሪያ ጨዋታቸው ወደቁ! ዋንጫውን የወሰደው 8ኛ የተመደበው ኦሃዮ ስቴት ነው፤ በመደበኛው ዘመን መጨረሻ በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 የተዋረደው። ሚሺጋኖች በዚያ ቀን ባንዲራቸውን ሜዳው መሐል ተከሉና ድብድብ ተነሣ። አንድ የኦሃዮ እንደራሴ ባንዲራ መትከል በከባድ ወንጀል ያስጠይቅ ብለው ሕግ አቀረቡ!

ወደ 2025 ይምጡ! ኖተር ዴም የመጀመሪያ 2 ጨዋታዎቹን በድምሩ በ4 ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ፤ ቀጥሎ 10 አከታትሎ አሸነፈ። ኮሚቴው በየሳምንቱ ከማያሚ በላይ ያስቀምጠው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ሁለቱም አልተጫወቱም። ዝርዝሩ ሲወጣ ግን ማያሚ ከኖተር ዴም በላይ! ማያሚ ገባ፣ ኖተር ዴም ቀረ! ቤታቸው ቁጭ ብለው ቦታ ተለዋወጡ!

ኮሚቴውስ ምን ቆጠረ? ማያሚ ኖተር ዴምን በኦገስት 27 ለ 24 አሸንፎ ነበር። ታዲያ ይህን ለማስታወስ እስከ ዲሴምበር ምን አቆየው? ኖተር ዴም አኩርፎ የቦውል ግብዣውን አልቀበልም አለ!

የማያሚን ሊግ ያን ዓመት ማን አሸነፈ? ያ ስፐሪየር የሚያዝኑለት ዱክ! 5 ጊዜ ተሸንፎ የሊግ ሻምፒዮን! ዱክ ግን አልተጠራም። ሊጉን ያሸነፈው ቀረ፤ ለሊጉ ፍጻሜ እንኳ ያልደረሰው ማያሚ ገባ!

ማያሚም እስከ ብሔራዊ ፍጻሜ ዘለቀ! እዚያ የጠበቀው ኢንዲያና ነው፤ በ2023 ከ12 ጨዋታ 9 ተሸንፎ የነበረው ኢንዲያና። በ2026 ጃንዋሪ፣ በማያሚ በራሱ ስታዲየም፣ 27 ለ 21 አሸንፎ ዓመቱን በ16 ድልና ያለ አንዲት ሽንፈት ጨረሰ! በትልቁ ምድብ 16 ያሸነፈ ቡድን ከዬል በኋላ አልታየም ነበር፤ ያውም በ1894!

ይህ ሁሉ ጩኸት ያለ ነገር አይደለም። ከ2026 ጀምሮ ለ6 ዓመት ለቴሌቪዥን መብት የሚከፈለው 7.8 ቢሊዮን ዶላር ነው! በ2024 ከ12ቱ ውስጥ መግባት ብቻ 4 ሚሊዮን ዶላር ያስገኝ ነበር። እስከ ፍጻሜ የሄደውና የሊግ አባል ያልሆነው ኖተር ዴም 20 ሚሊዮኑን ብቻውን ወሰደ!

የሚቀጥለው ዝርዝር የሚወጣው በዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ ባለ እሑድ ነው። ኮሎምበስ፣ አትላንታ ወይም ዳላስ ዘመድ ካለዎት በዚያ ምሽት ይደውሉና «ማን ቀረ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ካርድ ግን በርከት አድርገው ይሙሉ!